ስለ ሰዓት መስፈሪያና ስለ ዘመን ቍጥር የአዲሶቹ የፈለክ ሊቃውንት አሳብ

ሰው በምድር ላይ ሥራውን ሁሉ በጊዜ ይሠራል። ገበሬ የሚዘራበትን ወር፤ ዳኛ ባለጉዳዮችን የሚቀጥርበትን ቀን፤ ካህን ለማሕሌት የሚቆምበትን ሌሊት፤ ነጋዴም ዕዳውን የሚከፍልበትን ዕለት ያለ ቍጥር ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ዘመንን መቍጠር ከጥንት ጀምሮ በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ዘንድ እንደ ትልቅ አደራ ሲጠበቅ የኖረ ሥራ ነው እንጂ ለጥቂት ፈላስፎች መጫወቻ የተተወ ነገር አልነበረም። ይህ አደራ ዛሬ በማን እጅ እንዳለና የያዙትም ሰዎች በምን አሳብ እንደሚጠብቁት መመርመር ለሹማምንትም ለካህናትም የሚገባ ነው።

ይህን ምርመራ የሚያስነሣ ነገር በቅርብ ዘመን ተደርጓል። ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር ኖቬምበር 18 ቀን 2022) የሚዛንና የመስፈሪያ ጠቅላላ ጉባኤ በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ተሰብስቦ፤ በዓለም ሰዓትና በምድር ዙረት መካከል የተፈቀደው ጥቂት ልዩነት በኤውሮጳ ቍጥር እስከ 2035 ወይም ከዚያ በፊት ከፍ እንዲል ወሰነ። ይህም ማለት ሰዓቱ ከፀሐይ እንዳይርቅ በየጊዜው ሲጨመርበት የነበረው አንድ ሴኮንድ ይቀራል ማለት ነው። በሚቀጥለውም ዓመት በዱባይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ይህንኑ ተቀበለ። ነገሩ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ መስሎ ስለ ታየ በብዙ አገር ብዙ ሰው ሳይሰማው አለፈ። ዳሩ ግን የሰው ሰዓት ከፀሐይ ጋራ ታስሮ መኖር የሚገባው መሆኑና አለመሆኑ የተቈረጠበት ነገር ስለ ሆነ እንደ ትንሽ ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳው ተጨማሪው ሴኮንድ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። የዛሬው የዓለም ሰዓት የሚለካው ሴዚየም በሚባለው ማዕድን አቶም ነው። ይህ አቶም መልካም ሆኖ በተሠራ መሣሪያ ሲጠበቅ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ እንኳ አንድ ሴኮንድ አይስትም። ምድር ግን እንዲህ አይደለችም። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ትዘገያለች፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ትፈጥናለች። ስለዚህ ከታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም. (ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972) ጀምሮ የአቶሙ ሰዓትና የምድር ዙረት አንድ ሴኮንድ ያህል እንኳ እንዳይራራቁ ሥርዓት ተሠራ። ልዩነቱ ሲቃረብ በኤውሮጳውያን የሰኔ ወይም የታኅሣሥ ወር መጨረሻ አንዲቱ ደቂቃ 61 ሴኮንድ እንድትሆን ይታወጃል። እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. (ዲሴምበር 31 ቀን 2016) ድረስ ይህ 27 ጊዜ ተደርጓል።

የኢትዮጵያ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ዕለትን በ60 ኬክሮስ፤ ኬክሮስንም በ60 ካልዒት ይከፍሉታል። እንግዲህ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፤ አንዱም ካልዒት 24 ሴኮንድ ይሆናል። በ45 ዓመት ውስጥ የተጨመረው 27 ሴኮንድ ከአንድ ካልዒት በ3 ሴኮንድ ብቻ ይበልጣል። ጭቅጭቁ ሁሉ የተነሣው በዚህች በአንዲት ካልዒት ነው።

ሴኮንድ እንዴት ከፀሐይ ወደ አቶም እንደ ተዛወረ ታሪኩ ሊታወቅ ይገባል። በጥንቱ ሥርዓት ሴኮንድ ማለት ከመካከለኛው የፀሐይ ዕለት ከ86,400 እጅ አንዱ ነበር። ምድር በዙረቷ እኩል አለመሆኗ ከታወቀ በኋላ ግን በ1953 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 1960) ጠቅላላው ጉባኤ ዕለትን ትቶ ዓመትን መስፈሪያ አደረገ። የዓመቱም ልክ የተወሰደው ሲሞን ኒውኮምብ የተባለው የአሜሪካ የፈለክ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ካዘጋጀው የፀሐይ ሰንጠረዥ ነው። በዚህም መካከል በ1947 ዓ.ም. (በኤውሮጳ 1955) ሉዊ ኤሰንና ጃክ ፓሪ የተባሉ ሊቃውንት በእንግሊዝ አገር በቴዲንግተን ባለው ብሔራዊ የፊዚክስ ምርምር ቤት በሴዚየም የሚሠራ ሰዓት ሠርተው ነበር። ከዚያም በ1960 ዓ.ም. (በኤውሮጳ ኦክቶበር 1967) ጠቅላላው ጉባኤ ሴኮንድን የሴዚየም አቶም 9,192,631,770 ጊዜ የሚርገበገብበት ጊዜ ነው ብሎ ደነገገ።

እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሥራ ምስጋና የሚገባው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። መስፈሪያው ስለ ጠራ ሰው ስለ ምድር ራሷ ብዙ ነገር ዐወቀ። ለምሳሌ የባቢሎን ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ136 ዓመት በከተማቸው ላይ ፀሐይ ፈጽማ እንደ ጨለመች በሸክላ ላይ ጽፈው ትተዋል። ምድር ሁልጊዜ በዛሬው ፍጥነት ስትዞር ኖራ ቢሆን የዚያ ቀን ጥላ በባቢሎን ላይ አያልፍም ነበር፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደ ምዕራብ ርቆ በወደቀ ነበር። ከዚህም የተነሣ ምድር ባለፉት 2,000 ዓመታት ዙረቷ ቀስ በቀስ እየዘገየ እንደ መጣና የተከማቸውም ልዩነት ከ3 ሰዓት እንደሚበልጥ ታወቀ። የዚህም ዋናው ምክንያት የጨረቃ ስበት በባሕር ላይ የሚያነሣው ማዕበል ነው። እንዲህ ያለውን ዕውቀት የሚንቅ ሰው ቢኖር ስንፍናውን ይገልጣል እንጂ ሃይማኖቱን አይገልጥም።

ነቀፋው የሚጀምረው ሊቃውንቱ ከመለካት አልፈው ስለ ለኩት ነገር ምንነት በሚናገሩበት ጊዜ ነው። በየትምህርት ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ነገር ሰዓት ከሰማይ ነጻ ወጣ፤ እውነተኛው ጊዜ በአቶም ውስጥ ተገኘ፤ የፀሐይና የጨረቃ ቍጥር ግን የቀድሞ ሰዎች ግምት ነበር የሚል ነው። ይህ አነጋገር በሦስት ነገር ይሳሳታል።

መጀመሪያ፤ የአቶሙ ሴኮንድ ከሰማይ ነጻ አልወጣም። ዘጠኝ ቢሊዮን ከዚህ ያህል የሚለው ቍጥር ከአቶሙ ባሕርይ ብቻ የተገኘ አይደለም። በኤውሮጳ ቍጥር ከ1955 እስከ 1958 በዋሽንግተን ባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ቤት ጨረቃ በከዋክብት መካከል ስትሄድ እየተነሣች፤ ከቴዲንግተኑ ሰዓት ጋራ ተስተያይታ የተገኘ ቍጥር ነው። የኒውኮምብም ሰንጠረዥ ከ1750 እስከ 1892 በታዩ የሰማይ ምልከታዎች ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ የዛሬው የአቶም ሴኮንድ በኤውሮጳ ቍጥር በ1820 ገደማ የነበረውን የፀሐይ ዕለት ልክ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ አቶሙ የያዘው ከ200 ዓመት በፊት የነበረችውን ፀሐይ ነው። ልጅ አባቱን አላውቅም ቢል መልኩ ያጋልጠዋልና ሴኮንድም ከሰማይ መወለዱን ሊሰውር አይችልም።

ሁለተኛ፤ የዓለም ሰዓት የሚባለው ነገር በአንድ ትልቅ ሰዓት ፊት ላይ ተጽፎ የሚነበብ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች ባሉ 80 ያህል የምርምር ቤቶች ከ400 የሚበልጡ የአቶም ሰዓቶች አሉ። እነዚህም እርስ በርሳቸው በጥቂቱ ይለያያሉ። በፓሪስ አጠገብ በሴቭር ያለው ዓለም አቀፍ የሚዛንና የመስፈሪያ ቢሮ የሁሉንም ቍጥር ይሰበስባል፤ የጸናውን ሰዓት ክብደት ይሰጠዋል፤ የማይጸናውን ያቃልለዋል። ከፍ ባለ አገር ያለ ሰዓት ከባሕር ወለል ካለው ስለሚፈጥን ይህንንም ያርማል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ ሰዓት በዓመት 8 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። ቢሮው ይህን ሁሉ ቈጥሮና አማክሎ የእያንዳንዱ አገር ሰዓት በምን ያህል እንደ ሳተ በየወሩ ያስታውቃል። እንግዲህ ትክክለኛው ሰዓት የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ይህም ራሱ ሐሳብ ነው። ሐሳብ የሚለው ቃል በግዕዝ ቍጥር፤ ስሌት ማለት እንደ ሆነ ካህናት ያውቃሉ። ሴቭር ያለውም ቢሮ በራሱ መንገድ ባሕረ ሐሳብ ይሠራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሦስተኛ፤ ተጨማሪው ሴኮንድ ይቅር የተባለው ከተፈጥሮ አንድ አዲስ ነገር ስለ ተገኘ አይደለም። በሰዎች ምክር፤ በድምፅ ብልጫ፤ ለሰዎች ጥቅም ሲባል የተወሰነ ነው። ውሳኔ ደግሞ ከግኝት የተለየ ነገር ነው። ግኝትን የሚመረምሩት ሊቃውንት ናቸው፤ በውሳኔ ግን ነገሩ የሚነካው ሁሉ ሊጠየቅ ይገባዋል። ቀድሞ የሰዓት ጠባቂዎች የፈለክ ሊቃውንት ነበሩ። የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ቤት በ1675 (በኤውሮጳ) ሲመሠረት መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ስፍራ በከዋክብት እንዲያውቁ ለመርዳት ነበር። የዓለምም ሰዓት ስሌት እስከ 1980 ዓ.ም. (እስከ 1988 መጀመሪያ) ድረስ በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ቤት ይጠበቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሚዛኑ ቢሮ ተዛወረ። አደራው ከሰማይ ተመልካቾች እጅ ወደ መስፈሪያ ጠባቂዎች እጅ ሲያልፍ፤ ጊዜ የሚቈጠረው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በመካከል ወድቆ ቀረ።

ውሳኔውን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም ማለት ግን ፍርድ ማዛባት ይሆናል። ዛሬ የባንክ፤ የስልክ፤ የአውሮፕላንና የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ እርስ በርሳቸው ሰዓታቸውን በሚያስተካክሉ ኮምፒዩተሮች ይካሄዳል። ለእነዚህም መሣሪያዎች 61 ሴኮንድ ያላት ደቂቃ እንግዳ ናት። በሰኔ 2004 ዓ.ም. (በጁን 30 ቀን 2012) ሴኮንድ በተጨመረ ጊዜ በብዙ አገር ኮምፒዩተሮች ታውከው የአውሮፕላን መንገደኞች መመዝገቢያ እንኳ ተሰናክሎ ነበር። ደግሞም ከ2020 (በኤውሮጳ) ወዲህ ምድር ጥቂት ስለ ፈጠነች አንድ ሴኮንድ መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል የሚል ሥጋት ተነሣ፤ ይህም ከዚያ በፊት ከቶ ተደርጎ የማያውቅ ነው። እንዲህ ያለውን ችግር ለማራቅ መሻት የማስተዋል ሥራ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አላቸው። የሰው ሰዓት ቀድሞውኑ ከፀሐይ ርቋል፤ አንዲት ካልዒት ምን ትጐዳለች ይላሉ። ይህም እውነት አለበት። በጥቅምት 1877 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1884) የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የግሪኒችን መስመር የዓለም መነሻ አደረጉት። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባኤ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ አገሮች ሁሉ ሰዓታቸውን ከዚያ መስመር ይቈጥራሉ፤ ኢትዮጵያም ከግሪኒች በ3 ሰዓት የሚቀድመውን፤ ማለት በ45 ዲግሪ ላይ የሚያልፈውን መስመር ሰዓት ትከተላለች። አዲስ አበባ ግን ከ38 እስከ 39 ዲግሪ መካከል ናት። ስለዚህ መካከለኛዋ ፀሐይ በአዲስ አበባ ራስ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ሲሆን አይደለም፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ ነው። የምትታየው ፀሐይ ደግሞ በጥቅምት ማብቂያ ከ6 ሰዓት በኋላ በ9 ደቂቃ ገደማ፤ በየካቲት መባቻ ግን በ39 ደቂቃ ገደማ ትደርሳለች። 25 ደቂቃ ከአንድ ኬክሮስ ይበልጣል። አንድ ሙሉ ኬክሮስ የታገሠ ሕዝብ አንዲት ካልዒትን እንዴት አይታገሥም?

ለዚህ የሚሰጠው መልስ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባው 25 ደቂቃ የታወቀና የማይለወጥ ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው ቀንሶ ወደ ፀሐይ ሊመለስ ይችላል፤ መንገዱ አልተዘጋበትም። አዲሱ ውሳኔ ግን ልዩነቱ ቢያንስ ለ100 ዓመት ሳይታረም እንዲቈይ ያስባል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያርመው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጨመር እንደ ሆነ ወይም በሌላ መንገድ ይታረም እንደ ሆነ በዚያ ጉባኤ ሳይቈረጥ ቀረ። ስለዚህ ነገሩ ዕዳን ላልተወለዱ ልጆች ማስተላለፍ ነው። ዛሬ በአንዲት ሴኮንድ የሚታወኩ ኮምፒዩተሮች ያን ጊዜ በ60 ሴኮንድ አይታወኩም ብሎ ማን ዋስ ይሆናል?

የዘመን ቍጥር ዕዳ ሲከማች ምን እንደሚያመጣ ዓለም አንድ ጊዜ አይቷል። በዩልዮስ ቄሣር ሥርዓት የተቈጠረው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ያህል ይረዝም ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይህ ከአንድ ዕለት በታች ስለ ሆነ የሚሰማው አልነበረም። ዳሩ ግን ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፤ በ1582 (በኤውሮጳ) የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ 10 ቀን ከቍጥር አወጣ። እርማቱ በስሌት ረገድ መልካም ነበር፤ ግን በአንድነት አልተደረገም። እንግሊዝ እስከ 1752፤ ሩሲያ እስከ 1918፤ ግሪክም እስከ 1923 ድረስ አልተቀበሉትም። በዚህም ምክንያት ክርስቲያኖች በአንድ ትንሣኤ በሁለት ቀን የሚያከብሩ ሆኑ። የ11 ደቂቃ ቸልታ ይህን ያህል ካደረገ፤ ቸልታ ትንሽ ናት ማለት አይገባም።

እዚህ ላይ ግን ወቃሽ የሆነ ሰው መስተዋቱን ወደ ራሱ መመለስ ይገባዋል። ሊቃውንቱን ከፀሐይ ራቃችሁ ብሎ የሚነቅፍ የኢትዮጵያ ካህን ባሕረ ሐሳብስ ከሰማይ ጋራ ምን ያህል ይስማማል ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ይህ ሥርዓት ጨረቃን በዓይን አይቶ የሚቈጥር አይደለም፤ በሕግ የሚቈጥር ነው። የ2018 ዓ.ም. ስሌት ለምሳሌ ይበቃል። ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱ ለዘመን ሲታተት ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዕ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ስለ ሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

በዚህ ስሌት መሠረት ጨረቃ ምሉእ የምትሆንበት የፋሲካው 14ኛ ሌሊት መጋቢት 28 ቀን ነው። በሰማይ ያለችው ጨረቃ ግን መጋቢት 24 ቀን ንጋት ላይ ምሉእ ትሆናለች። የአራት ቀን ልዩነት አለ ማለት ነው። ምክንያቱም 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የዩልዮስ ዓመታት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚያንሱ በ300 ዓመት ያህል አንድ ቀን ይከማቻል። ፀሐይም እንዲሁ ናት። የእስክንድርያ ሊቃውንት መዓልትና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ቀን መጋቢት 25 ብለው ወስነው ነበር፤ ዛሬ በሰማይ የሚሆነው ግን መጋቢት 11 ገደማ ነው። በብዙ የባሕረ ሐሳብ ጽሑፎች የፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው ይባላል፤ ስድስቱ ካልዒት ተከማችተው በ600 ዓመት ጳጉሜን 7 ቀን ያደርጓታል ይላሉ። የሰማዩ ዓመት ግን ከ365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ በ28 ካልዒት ያህል ያንሳል እንጂ አይበልጥም።

ይህ የአባቶችን ሥራ ለማቃለል የተነገረ አይደለም። እነርሱ የሠሩት ሕግ ትልቅ ጥበብ ያለበት ነው። በሩቅ ደብር ያለ አንድ መሪጌታ፤ መነጽር ሳይኖረው፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ሳለ፤ ከሌላው ጠረፍ ካለ ወንድሙ ጋራ ሳይማከር፤ በጣቱ ቈጥሮ ሁሉም የሚያከብሩትን ያንኑ አንድ ቀን ያገኛል። ሕጉ የተሠራው ለአንድነት ነው፤ ያንንም ሥራ ለብዙ መቶ ዓመታት ፈጽሟል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው ታላቁ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 (በኤውሮጳ) ስለ ኢትዮጵያ የከዋክብትና የበዓላት ስሌት በጻፈው መጽሐፍ ይህ ሥርዓት የጥንቱን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ስሌት ጠብቆ እንዳቈየ መስክሯል። ነገር ግን አበቅቴ ራሷ ጨረቃ ናት የሚል መምህር ቢኖር፤ አቶም ራሱ ጊዜ ነው ከሚለው ሊቅ ጋራ አንድ ስሕተት ተሳስቷል። ሁለቱም የቈጠሩበትን መሣሪያና የሚቈጠረውን ነገር አንድ አድርገዋል።

እንግዲህ ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። አንዱ መስፈሪያ ነው፤ ይህም የጠራና የማይናወጥ ሊሆን ይገባዋል፤ በዚህ ነገር አቶም ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ቍጥር ነው፤ ይህም ከየት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚታረም በስምምነት የሚወሰን ነው። ሦስተኛው ቍጥሩ የሚያገለግለው ኑሮ ነው፤ እርሱም የመዓልትና የሌሊት፤ የክረምትና የበጋ፤ የጾምና የበዓል ኑሮ ነው። የአዲሶቹ ሊቃውንት ጥፋት መስፈሪያው ስለ ጠራ ቍጥሩም ኑሮውም የእርሱ ተከታይ ሊሆኑ ይገባል ማለታቸው ነው። የሚሻለው ግን ኮምፒዩተሮች የማይታወክ የአቶም ቍጥር ለብቻቸው ይዘው፤ የሕዝቡ ሰዓት ከፀሐይ ጋራ እንደ ታሰረ ቢኖር ነው። ይህም የማይቻል ነገር አይደለም፤ አሜሪካውያን መንገድ ለማሳየት የሠሯቸው ሳተላይቶች ከ1980 (በኤውሮጳ) ጀምሮ ተጨማሪ ሴኮንድ በሌለው በራሳቸው ቍጥር ሲሠሩ ኖረዋልና።

ይህ ልዩነት ቢታወቅ ኖሮ ሌላም አላስፈላጊ ንቀት በቀረ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው መቍጠራቸውን እንደ ኋላ ቀርነት አድርገው የሚናገሩ አሉ። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ረጅሙ መዓልት ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ገደማ በምትወጣበት አገር ከንጋት መቍጠር ከምክንያት የተገኘ ሥርዓት ነው። የፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው እስከ 1917 ዓ.ም. (እስከ 1924 መጨረሻ) ድረስ ዕለታቸውን ከቀትር ይጀምሩ ነበር። ዛሬም የዕለታት ተራ ቍጥራቸው የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4713 ዓመት በቀትር ነው። ይህንንም መነሻ ዮሴፍ ስካሊገር የተባለው ሊቅ በ1583 (በኤውሮጳ) ያገኘው የፀሐይን ዐውደ ዓመት 28፤ የጨረቃን 19፤ የሮማን የግብር ዐውድ 15 አባዝቶ 7,980 ዓመት በማድረግ ነው። ኢትዮጵያዊው ባሕረ ሐሳብም 19ን በ28 አባዝቶ ዐቢይ ቀመርን 532 ዓመት ያደርጋል። በዓለም ትልልቅ የከዋክብት መመልከቻ ቤቶች የሚጻፈው ቍጥር የቤተ ክርስቲያን ስሌት ዘመድ እንደ ሆነ ብዙ ተማሪዎች አያውቁም።

ከዚህ ነገር ለሹማምንትና ለካህናት ሁለት ሥራ ይወጣል። ሹማምንት ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን የሚመክሩ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን የሩቅ ሰዎች ጉዳይ አድርገው አይተዉ። በ1877 ዓ.ም. በዋሽንግተን ኢትዮጵያ ሳትኖር የዓለም መነሻ ተወስኗል፤ ከእንግዲህ ወዲህ ግን ልዩነቱ እስከ ስንት ይፈቀድ፤ ዕዳውስ እንዴት ይታረም ተብሎ ሲመከር ነገሩን አጥንቶ የሚናገር ሰው ሊገኝ ይገባል። በውልና በደብዳቤም ላይ ሰዓቱ ከንጋት ወይም ከእኩለ ሌሊት፤ ቀኑም በየትኛው ዘመን እንደ ተቈጠረ ተገልጦ ይጻፍ፤ ከዚህ ጉድለት የተነሣ የሚበላሽ ቀጠሮ ከተጨማሪው ሴኮንድ ይልቅ ብዙ ነውና።

ካህናት ደግሞ ባሕረ ሐሳብን ከነምክንያቱ ያስተምሩ። ደቀ መዝሙሩ አበቅቴንና መጥቅዕን በቃሉ ካጠና በኋላ ስለ ምን 19፤ ስለ ምንስ 30 እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ ይመለስለትም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ለከዋክብት ምርምር የተተከሉ፤ የእያንዳንዳቸው መስተዋት አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ታላላቅ መነጽሮች አሉ። ከተራራው በታች ባሉት አድባራት አበቅቴ የሚቈጥሩ መምህራን አሉ። እነዚህና እነዚያ አንድ ሌሊት አብረው ተቀምጠው ምሉእ ጨረቃን አይተው ከስሌቱ ጋራ ቢያስተያዩ፤ የፈለክ ተማሪው ቍጥር ያለ ሕዝብ ከንቱ እንደ ሆነ፤ መምህሩም ሕግ ያለ ሰማይ ቀስ በቀስ እንደሚስት ይማማራሉ። ሕጉን መለወጥ ወይም መጠበቅ የጉባኤ ሥራ ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ግን የእያንዳንዱ ሊቅ ግዴታ ነው።

በኦሪት ፀሐይና ጨረቃ ለዘመናትና ለዓመታት ምልክት እንዲሆኑ እንደ ተሰጡ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ምልክት የሚያስፈልገው መንገድ ለሚሄድ ሰው ነው። መስፈሪያው እጅግ የጠራ ሰዓት የያዘ መንገደኛም ቢሆን አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ሰማዩን ካላየ ስንት ሰዓት እንደ ተጓዘ ያውቃል እንጂ ወዴት እንደ ደረሰ አያውቅም።